የሽንት ፊኛ ከወጣ በኋላ፦ በሆድ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት መኖር

ካንሰር ወደ ሽንት ፊኛ ጡንቻ ዘልቆ ሲገባ ወይም የማሕፀን በር ካንሰር ተስፋፍቶ ፊኛውን ሲነካ፣ ሐኪሞች ፊኛውን በቀዶ ሕክምና ለማውጣት የሚገደዱበት ጊዜ አለ። ኩላሊት ግን ሽንት ማመንጨቱን ስለማያቆም ሌላ መውጫ ይሠራለታል። በብዛት የሚሠራበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1950 አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዩጂን ብሪከር ያስተዋወቀው ነው፤ ከትንሹ አንጀት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተቆርጦ ከኩላሊት የሚወርዱት ሁለት ቱቦዎች ከእርሱ ጋር ይገናኛሉ፣ አንዱ ጫፉም በሆድ ቆዳ ላይ ይወጣል። ይህ ቀይና እርጥብ መውጫ ስቶማ ይባላል። ሽንቱን መያዝ ስለማይቻል በላዩ ላይ ከረጢት ይለጠፋል።

በኢትዮጵያ ሽንትን አቅጣጫ የማስቀየር ሕክምና ከካንሰር ውጭም ይታወቃል። በአዲስ አበባ የሚገኘው ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል በአስቸጋሪ ምጥ ፊኛቸው ሊጠገን እስከማይችል ድረስ ለተጎዳ ሴቶች ሲሠራው ቆይቷል። የረጅም ጊዜ ክትትል ለሚያስፈልጋቸው ሴቶች ደስታ መንደር መቋቋሙ ቀዶ ሕክምናው የጉዳዩ ፍጻሜ አለመሆኑን ያሳያል።

ለወልቂጤና ለቡታጅራ አካባቢ ነዋሪ የኋላ ኑሮው መልካም መሆን የሚጀምረው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው። የስቶማው ቦታ በቅድሚያ በቆዳው ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ ታካሚው ቆሞም፣ ተቀምጦም፣ ጎንበስ ብሎም መታየት ይኖርበታል። መቀነት የምትታጠቅ ሴት መቀነቷ የሚያርፍበትን ቦታ፣ እንሰት የምትፍቅ ደግሞ ስትሠራ እንዴት እንደምትቀመጥ ለሐኪሟ ብትነግር፣ ኋላ ላይ ከረጢቱ በየዕለቱ ከመላቀቅ ይድናል።

ከሁሉ በላይ ኑሮን የሚያከብደው የቆዳ መቁሰል ነው። ሽንት ቆዳን በነካ ቁጥር ያቃጥላል፤ የቆሰለ ቆዳ ከረጢት አይይዝም፤ ከረጢቱ ሲያፈስ ደግሞ ቁስሉ ይብሳል። የተለጣፊው ቀዳዳ ከስቶማው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ሰፋ ብሎ ይቆረጣል። ስቶማው በመጀመሪያዎቹ 6 እስከ 8 ሳምንታት እየጠበበ ስለሚሄድ በየጊዜው መለካት ያሻል። ለመቀየር አመቺው ጊዜ ጠዋት፣ ውኃ ከመጠጣት በፊት ነው፤ ያን ጊዜ ሽንቱ ይቀንሳል። ቆዳው በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። ቅቤም ሆነ ቫዝሊን አይቀባም፤ ከረጢቱን ያንሸራትታል። ከውጭ የሚገባው ከረጢት ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ፌስታል ማሰር ለጊዜው መፍትሔ ቢመስልም ቆዳውን ለሽንት አጋልጦ የሚጥል ነው። ስለዚህ ታካሚው ከሆስፒታል ሳይወጣ ከረጢቱን ከየት እንደሚያገኝና የጤና መድኑ ይሸፍነው እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ከረጢቱ ሲሶው ሲሞላ ይደፋል፤ ለሌሊት በቱቦ የሚቀጠል ትልቅ ከረጢት አለ።

ብዙዎች ሽንቱን ለመቀነስ ሲሉ ውኃ መጠጣት ይተዋሉ። ይህ ለኢንፌክሽንና ለኩላሊት ጠጠር ይዳርጋል፤ ሐኪም ካልከለከለ በቀን 2 ሊትር ገደማ መጠጣት ይመከራል። በሽንቱ ውስጥ የሚታየው ዝልግልግ ነገር ከአንጀቱ የሚመነጭ ስለሆነ አያስደነግጥም።

ማረስም ሆነ እንሰት መፋቅ ቢያንስ ለ6 ሳምንታት ይቆያል፤ ከባድ ሸክም አንጀት በስቶማው ጎን እንዲገፋ ያደርጋል። ለመስቀል ወይም ለአረፋ ከአዲስ አበባ ወደ አገር ቤት የሚጓዝ ሰው ትርፍ ከረጢት ከእጁ ባይለይ ይበጃል። ሽንቱን ማቋረጥ የማይችል ሙስሊም ለየሶላቱ ወቅት ውዱእ እያደረገ መስገድ እንደሚችል ሊቃውንት ያስተምራሉ፤ ክርስቲያኑም የንስሐ አባቱን ማማከር ይችላል።

በትዳር ውስጥ ዝምታው ይከብዳል። ቀዶ ሕክምናው የወንዱን የወሲብ ብቃት ሊያዳክም፣ የሴቷን ብልት ሊያሳጥር ይችላል። ባልና ሚስት አብረው ከሐኪም ጋር ቢነጋገሩ መልካም ነው፤ ችግሩን የሚያቃልል ሕክምና አለና።

ትኩሳትና የጎን ሕመም፣ ለጥቂት ሰዓታት ሽንት መቋረጥ፣ ወይም የስቶማው ቀለም ወደ ጥቁር መለወጥ ሲታይ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።