የእስስት ግልገሎች አስተዳደግ በጅቡቲ ከተማ

እስስት ከ200 በላይ ዝርያዎች ያሉት፣ ምላሱን አስወንጭፎ ነፍሳትን የሚያድን ተሳቢ እንስሳ ነው። መርዝ የለውም። በጅቡቲ ከተማ የእስስት ግልገል ማሳደግ በዋናነት ከሙቀት ጋር መሟገት ነው። በሐምሌ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይወጣል፤ ሌሊቱም ብዙ ጊዜ ከ30 አይወርድም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ግን ቀኑ 28 ወይም 29፣ ሌሊቱ 22 ዲግሪ ገደማ ስለሚሆን ለግልገል የተመቸ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚታተሙ የአያያዝ መጻሕፍት ብርድ አገር የተጻፉ በመሆናቸው ስለ ማሞቂያ ብዙ ገጽ ይፈጃሉ። ለጅቡቲ ነዋሪ የሚያስፈልገው የእነዚህ ምክሮች ተቃራኒ ነው።

በዓለም ላይ በቤት ውስጥ ከሚረቡት እስስቶች ብዙ ልምድ የተከማቸበት የየመን እስስት (ካሜሊዮ ካሊፕትራተስ) ነው። ለሳይንስ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1851 ሲሆን፣ የትውልድ አገሩ የመንና ደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ ነው። የመን ከጅቡቲ የሚለያት በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ብቻ ስለሆነ፣ ይህ እንስሳ የጅቡቲን አየር በቀላሉ የሚለምድ ይመስላል። ግምቱ አያስኬድም፤ ዝርያው የሚበዛው ዝናብ በሚያገኙ ተራሮችና ለምለም ሸለቆዎች፣ ማታ ማታ በሚቀዘቅዝ ስፍራ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ዝርያዎችማ ጨርሶ አይታሰቡም። እ.ኤ.አ. በ1995 የተሰየመውና በባሌ ሐረና ጫካ የሚኖረው ትራዮሴሮስ ሐሬኔ ጭጋግና ብርድ የለመደ ነው፤ እንዲህ ያለውን እንስሳ በባቡር አሳፍሮ ወደ ባሕር ዳርቻ ማውረድ ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው።

የየመን እስስት በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 70 እንቁላል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትጥላለች። እንቁላሎቹ ቨርሚኩላይት በተባለ እርጥበት ያዥ ማዕድን ውስጥ በ26 እና 28 ዲግሪ መካከል ሲቀመጡ ለመፈልፈል ከ6 እስከ 9 ወር ይወስዳሉ። እንደ ዶሮ እንቁላል አይገላበጡም፤ ሲነሡ የላይኛው ጎን በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል። የጅቡቲ አርቢ ከሁሉ በፊት ሊያሰላው የሚገባው ይህን ወቅት ነው። በጥቅምት የተጣለ እንቁላል ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ስለሚፈለፈል ግልገሎቹ ዓይናቸውን የሚገልጡት በከተማዋ ክፉ ወራት ነው። በየካቲት መጨረሻ የተጣለው ግን ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር ይደርሳል። በእርግጥ ያኔም እንቁላሉ የሙቀቱን ወራት ማለፍ አለበት፤ ስለዚህ የእንቁላሉ ሳጥን በቤቱ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ወለል ላይ ይቀመጣል። ግልገሉ ቅርፊቱን ሰንጥቆ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለአንድ ቀን ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ ቢቆይ አይጎተትም፤ የቀረውን አስኳል እየጨረሰ ነው።

ሲወጣ ርዝመቱ ከነጅራቱ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ክብደቱ ከአንድ ግራም ብዙም አይበልጥም። ወንዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በኋላ እግሩ ተረከዝ ላይ ትንሽ ጉብታ ስላለው ከሴቷ ይለያል። ይህ የሰውነት ማነስ ለግልገሉ ቤት አሠራር ወሳኝ ነው፤ ትልቅ እስስት ሙቀቱን ቀስ ብሎ ሲቀበል፣ ግልገሉ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፣ በፍጥነትም ውሃው ያልቅበታል። ስለዚህ የብርጭቆ ሳጥን ወይም ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ በፀሐይ ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም። የሚሻለው አራቱም ጎኑ በትንኝ መከላከያ መረብ የተሠራ፣ ከፍታው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ቤት ነው። ሰፊ ቤት ለትልቁ እንጂ ለግልገሉ አይጠቅምም፤ ግልገሉ ምግቡን እስኪያገኝ ይደክማል። መረቡ ጠባብ ካልሆነ ደግሞ ምግብ የሆኑት ዝንቦች አምልጠው ሳሎኑን ይወርራሉ። ውስጡ ቀጫጭን ቅርንጫፎችና ቅጠል የሚበዛበት ተክል ይገባል። የየመን እስስት ቅጠልም ስለሚበላ ሂቢስከስ ጥሩ ምርጫ ነው። ወተታም ጭማቂው መርዛማ የሆነው ጦቢያው እና ኦሊያንደር ግን ከአጠገቡ መድረስ የለባቸውም።

ግልገሉ ፀሐይ የሚሞቅበት ቦታ 28 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ይበቃዋል፤ ማታ ወደ 22 ቢወርድለት ይወዳል። በጅቡቲ የሙቀት ወራት ይህን የሚሰጠው አየር ማቀዝቀዣ ብቻ ነው። ቤቱ ግን ማሽኑ በቀጥታ ከሚነፋበት መስመር ውጪ መሆን አለበት፤ ደረቁ ነፋስ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ብትገዛም መብራት የሚጠፋበት ሰዓት አለ፤ ለዚያ ሰዓት የሚሆን ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያገኝ በረንዳ ቀድሞ ይታሰባል። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ችግሩ ይገለበጣል፤ የባሕሩ አየር እርጥብ ስለሚሆን የተዘጋ ቤት የመተንፈሻ ሕመም ያመጣል። ያኔ መረቡን በጨርቅ መሸፈን ጥፋት ነው።

እስስት ከሳሕን አይጠጣም፤ የሚጠጣው በቅጠል ላይ የተንጠለጠለ ጠብታ ነው። ስለዚህ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ በጥሩ መርጫ ይረጫል፤ በመካከሉም ቤቱ ይደርቃል። የከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ጨዋማ በመሆኑ የመርጫውን አፍ ይዘጋል፣ በቅጠሉም ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከሐደጋላ የሚመጣው ውሃና በ2021 በዶራሌ የተመረቀው የባሕር ውሃ ማጣሪያ ሁኔታውን አሻሽለዋል። ለመርጫው ግን የተጣራ ውሃ መጠቀም አሁንም ይመረጣል።

ግልገሎቹ በተፈለፈሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን መብላት ይጀምራሉ። መብረር የማይችል የፍራፍሬ ዝንብና ገና የተፈለፈለ ፌንጣ ቀዳሚ ምግባቸው ነው፤ መለኪያው ነፍሳቱ በግልገሉ ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ርቀት መብለጥ የለበትም የሚለው ነው። በቀን ሁለት ጊዜ እስኪጠግቡ ይሰጣቸዋል። ነፃ ነው ብሎ የመንጋ አንበጣ መልቀም አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 እና 2020 የአንበጣ ወረራ በምሥራቅ አፍሪካ እንደታየው መንጋው ፀረ ተባይ ይረጭበታል፤ መርዙም ወደ ግልገሉ ይሻገራል።

በአርቢዎች እጅ ግልገል ከሚያጠፉ ምክንያቶች አንዱ የካልሲየም ማነስ ነው። ነፍሳት ፎስፈረስ እንጂ ካልሲየም የላቸውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ምግቡ በየቀኑ ማለት ይቻላል በካልሲየም ዱቄት ይነሰነሳል፤ ቫይታሚን ዲ3 ያለበት ግን በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል። ካልሲየሙ አጥንት ውስጥ እንዲገባ የአልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ያስፈልጋል፤ የመስኮት መስታወት ይህን ጨረር ያስቀራል። ጅቡቲ ፀሐይ የሞላባት አገር ናትና ዋጋ ላለው አምፑል ከመሯሯጥ በፊት ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ጥላ በሚያገኝ በረንዳ ላይ 15 ደቂቃ ማሳረፍ ይሻላል። መንጋጋው የለሰለሰ፣ እግሩ የተጣመመ ግልገል ካልሲየም አጥቷል። አፉን ከፍቶ ቀለሙ የነጣው ሞቆታል፤ ዓይኑ የጎደጎደው ውሃ ጠምቶታል፤ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ የሚውለው ታሟል።

ግልገሎች ለመጀመሪያዎቹ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንታት በትንንሽ ቡድን ሊኖሩ ይችላሉ፤ በመጠን የሚበላለጡት ግን አንዱ የሌላውን ጅራት ስለሚነክስ በፍጥነት ይለያያሉ። ከሦስት ወር በኋላ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ሌላውን በማያይበት ቤት ይኖራል። ሴቷ ወንድ ሳይቀርባትም እንቁላል ትጥላለች፤ ከአራት ወር በኋላ አብዝቶ መመገብ የእንቁላሉን ቁጥር ጨምሮ ዕድሜዋን ያሳጥራል። ግልገልን አዘውትሮ በእጅ መያዝ ያስጨንቀዋል፤ የነካ ሰውም ሳልሞኔላን በመፍራት እጁን በሳሙና ይታጠባል።

የየመን እስስት የዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት (ሳይተስ) ሁለተኛ ሰንጠረዥ ውስጥ ስላለ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም፤ ኢትዮጵያ ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ1989፣ ጅቡቲ በ1992 ተቀብለዋል። ከዱር የተያዘ እስስት ጥገኛ ትሎች ይዞ ስለሚመጣና ምግብ እምቢ ስለሚል በቤት ብዙም አይቆይም። ስለዚህ በግቢዎ ወይም በከተማዋ በአምቡሊ የአትክልት ቦታዎች ትንሽ እስስት ቢያገኙ በቅርብ ወዳለ ዛፍ ጥላ ያሸጋግሩት እንጂ ወደ ቤት አይውሰዱት።