ፍሮይድ እምቢ ያለው ፊልም

በ1925 መጀመሪያ ላይ የሆሊውዱ ፕሮዲዩሰር ሳሙኤል ጎልድዊን ለሲግመንድ ፍሮይድ 100,000 ዶላር አቀረበለት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጎልድዊን ከአንቶኒና ክሊዎፓትራ ጀምሮ በታሪክ የታወቁ ፍቅሮችን ወደ ፊልም ሊያመጣ አስቦ ነበር፤ ስለ ፍቅር ከቪየናው ሐኪም የበለጠ የሚያውቅ የለም ብሎም ያምን ነበር። ፍሮይድ ገንዘቡን መቀበል ይቅርና ሰውየውን ራሱን ለማነጋገር አልፈቀደም። እምቢታው የተገለጸው በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ሲሆን፣ ወሬው በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ወጣ። ሐኪሙ በዚያን ጊዜ 68 ዓመቱ ነበር፤ የመንጋጋ ካንሰሩም ከጀመረው ሁለት ዓመት ሆኖታል።

አሜሪካዊውን መመለስ አላስቸገረም። የሚያስቸግረው ጥያቄ የመጣው በዚያው ዓመት በጁን ወር ነው፤ የመጣውም ከገዛ ቤቱ ነበር። ካርል አብርሃም ከበርሊን ደብዳቤ ጻፈለት። አብርሃም ተራ ተማሪ አይደለም፤ የዓለም አቀፉ የሳይኮአናሊሲስ (ፍሮይድ የመሠረተው በንግግር የማከም ዘዴ) ማኅበር ፕሬዚዳንትና ፍሮይድ ከሚያምናቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር። ሃንስ ኖይማን የተባለ ፕሮዲዩሰር፣ ታላቁን የጀርመን ፊልም ኩባንያ ኡፋን ይዞ፣ ስለ ሳይኮአናሊሲስ ሕዝብ የሚያስተምር ፊልም ሊሠራ እንደተነሣ ገለጸለት። የአብርሃም ክርክር ሩቅ አሳቢ የሆነ ሰው ክርክር ነው፤ ፊልሙ እኛ ብንገባበትም ባንገባበትም መሠራቱ አይቀርም፣ እኛ ከሸሸን ግን ምንም የማያውቁ ሰዎች እንዳሻቸው ያደርጉታል አለ።

ፍሮይድ በሁለት ቀን ውስጥ መለሰ። የሳይኮአናሊሲስ ረቂቅ ሐሳቦች በሥዕል መልክ ሊገለጹ ይችላሉ ብሎ እንደማያምን፣ ስሙም ከፊልሙ ጋር እንዲያያዝ እንደማይፈልግ ጻፈ። ክልከላ ግን አላወጣም። አብርሃምና የበርሊኑ ባልደረባው ሃንስ ዛክስ ይህችን ቀዳዳ ተጠቅመው በአማካሪነት ገቡ።

ሲኒማና ሳይኮአናሊሲስ እኩዮች መሆናቸው ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ፍሮይድ ከዮሴፍ ብሮየር ጋር ስለ ሂስቴሪያ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው በ1895 ነው፤ የሉሚየር ወንድማማቾችም ገንዘብ ለከፈለ ሕዝብ ፊልም ያሳዩት በዚያው ዓመት ዲሴምበር 28 ቀን ነው። ይህን ያህል ግጥጥሞሽ ብዙ ትርጉም የሚሰጡት ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። ፍሮይድ ራሱ ለፊልም ደንታ አልነበረውም። በ1907 ሮም ሳለ በፒያሳ ኮሎና ከሕዝቡ ጋር ቆሞ፣ በማስታወቂያዎች መካከል የሚለቀቁትን አጫጭር ፊልሞች ማየቱን ለቤተሰቡ ጽፎ ነበር። በ1909 ወደ ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ሲጓዝም ኒው ዮርክ ላይ ከባልደረቦቹ ከዩንግና ከፌሬንሲ ጋር ፊልም ቤት ገብቷል። ከዚህ የዘለለ ነገር አልነበረም።

ፊልምን እንደ ቁም ነገር የቆጠረው ከወጣት ተከታዮቹ አንዱ፣ ኦቶ ራንክ ነው። በ1913 ጀርመን ውስጥ «የፕራግ ተማሪ» የተሰኘ ፊልም ወጣ። ባልዱዊን የተባለ ድሃ ተማሪ የመስታወት ምስሉን ለአንድ ሽማግሌ በወርቅ ይሸጣል፤ ምስሉም ከመስታወቱ ወጥቶ በሄደበት ሁሉ ይከተለዋል፣ ፍቅሩን ያበላሽበታል፣ በመጨረሻም ለሞት ያደርሰዋል። ራንክ በቀጣዩ ዓመት ስለ «ጥንድ ሰው» ባሳተመው ጥናት መነሻ ያደረገው ይህንን ፊልም ነው። እንዲህ ያለ ተራ መዝናኛ ይዞ ወደ ምሁራን በመቅረቡ ይቅርታ ነገር ብሎ፣ የፊልም አሠራር ከሕልም አሠራር ጋር እንደሚመሳሰል አስተዋለ። ተማሪውን የሚያሳድደው ጥላ ያለፈ ሕይወቱ ነው፤ ሰው ከዚያ ሊያመልጥ አይችልም። በፊልም ላይ የተጻፈ የመጀመሪያው የሳይኮአናሊሲስ ጥናት ይህ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም።

በ«የፕራግ ተማሪ» ተዋናዩ ፓውል ቬገነር በአንድ ምስል ውስጥ ከራሱ ጋር ፊት ለፊት እንዲቆም ያደረገው የካሜራ ባለሙያ ጊዶ ዜበር ይባላል፤ ከኬምኒትስ ከተማ የመጣ የፎቶግራፍ አንሺ ልጅ። ይህን ስም እንያዘው።

የበርሊኑ ፊልም «የአንድ ነፍስ ምሥጢሮች» ተባለ። ጽሑፉን ኖይማንና ኮሊን ሮስ አዘጋጁ፤ ዳይሬክተሩ ገና ከግሬታ ጋርቦ ጋር ሠርቶ የጨረሰው ጆርጅ ቪልሄልም ፓብስት ሆነ። ዋናውን ሰው የተጫወተው ቬርነር ክራውስ ነው፤ ተመልካች በ1920 «ዶክተር ካሊጋሪ» ሆኖ ያስፈራውን ተዋናይ አሁን ታማሚ ሆኖ ሊያየው ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ማርቲን ፌልማን የኬሚስትሪ ባለሙያ ነው፤ ሚስቱን ይወዳል፣ ልጅ ግን አልወለዱም። አንድ ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ማጅራቷ ላይ ያለውን ፀጉር እንዲያስተካክልላት ትጠይቀዋለች። ምላጩ አንገቷ ላይ ሳለ ከጎረቤት የድረሱልኝ ጩኸት ይሰማል፤ እጁ ይስትና ይቆርጣታል። ለካ ጎረቤት ሰው በምላጭ ተገድሏል። ወዲያው ደግሞ የሚስቱ ዘመድና የሁለቱም የልጅነት ባልንጀራ የሆነው ሰው ከእስያ እንደሚመለስ ይሰማል፤ ትንሽ የጣዖት ምስልና ጎራዴም ስጦታ ልኳል። በዚያች ሌሊት ፌልማን ሕልም ያያል። ከዚያ በኋላ ቢላዋ መንካት አይችልም፤ ሚስቱን እንዳልገድላት ብሎ ይፈራል፤ ቤቱን ትቶ እናቱ ዘንድ ይጠለላል።

የሕክምናው አጀማመር ከፊልሙ ጥሩ ክፍሎች አንዱ ነው። ፌልማን ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ የቤቱን ቁልፍ ረስቶ ይወጣል። በአጠገቡ የነበረ አንድ እንግዳ ቁልፉን አንሥቶ እስከ በሩ ይከተለውና ያስረክበዋል፤ ወደ ቤትህ እንዳትገባ የሚከለክልህ ነገር አለ ይለዋል። እንግዳው ዶክተር ኦርት፣ የሳይኮአናሊሲስ ሐኪም ነው። ፍሮይድ በ1901 ስለ ዕለት ተዕለት ስህተቶቻችን ባሳተመው መጽሐፍ በብዙ ገጽ ያስረዳውን ይህች ቁልፍ በሁለት ደቂቃ ጨረሰችው።

ሕልሙ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ባርኔጣ የደፋው ዘመድ ዛፍ ላይ ሆኖ በአየር በሚንሳፈፈው ፌልማን ላይ ይተኩሳል። ከመሬት እየተጠማዘዘ ግንብ ያድጋል፤ በግንቡ ላይ ያሉት ደወሎች ወደሚሳለቁ የሴት ፊቶች ይለወጣሉ። ፌልማን በሚስቱ ምስል ላይ ጎራዴውን ደጋግሞ ይሰነዝራል። በጀልባ የሚሄዱት ሚስቱና ዘመዷ ከውሃ ውስጥ አሻንጉሊት ያወጣሉ። ይህን የቀረጸው ጊዶ ዜበር ነው። በዚያን ጊዜ ምስል በምስል ላይ የሚደርብ ማሽን በቀላሉ አይገኝም ነበርና አብዛኛው የተሠራው ካሜራው ውስጥ ነው፤ ፊልሙን ወደ ኋላ እየመለሱ፣ ክፈፍ እየቆጠሩ፣ በዚያው ጥቅልል ላይ ደጋግሞ መቅረጽ። አንድ ጊዜ ቢሳሳቱ የእስከዚያው ድካም ሁሉ ይበላሻል።

ከዚህ በኋላ ዶክተሩ መፍታት ይጀምራል፤ ፊልሙም ይደክማል። ንግግር የሌለው ፊልም በንግግር የሚድን በሽታን ሊያሳይ ሲታገል ማየት ያሳዝናል። ፓብስት አንድ ብልሃት አግኝቷል፤ ታማሚው የሚያስታውሳቸውን ትዕይንቶች ከነጭ መደብ ላይ፣ ዙሪያቸው ባዶ ሆኖ ያሳያቸዋል። ግን መልሱ ቶሎ ይደረሳል። ልጆች ሳሉ በገና በዓል ልጅቱ አሻንጉሊቷን ለፌልማን ሳይሆን ለዘመዷ ሰጥታ ነበር፤ ቂሙ ከዚያ ጀምሮ ተቀብሮ ኖሯል። ፌልማን ይህን ሲያስታውስ ሳያውቀው ቢላዋ ያነሣል፤ ዳነ። በመጨረሻም ገጠር ውስጥ ዓሣ ሲያጠምድ፣ ከዚያም ሚስቱ ወደ ታቀፈችው ሕፃን ሲሮጥ እናያለን።

ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፤ ይህ ፈቺ ደግሞ ጨዋ ነው። በፍሮይድ ትምህርት ዋናው የሆነውን የፆታ ጉዳይ ዶክተር ኦርት ዳር ዳሩን ብቻ ይነካዋል። ባልና ሚስቱ ለምን ልጅ አልወለዱም? ግንቡ ለምን ያድጋል? ሴቶቹስ በማን ላይ ነው የሚስቁት? ሐኪሙ የዘለለውን ሁሉ ካሜራው ተናግሮታል። እንግዲህ ፍሮይድ ስለ ሕክምናው ትክክል ነበር፤ ስለ ሕልሙ ግን ተሳስቷል። መሳሳቱንም ያስመሰከረበት ከአማካሪዎቹ አንዱ አይደለም፣ ዜበር ነው።

ፊልሙ ወዳጆችን አለያይቷል። ዛክስ ትንሽ የማብራሪያ መጽሐፍ ጻፈለት፤ ቪየና ያሉት የሙያ ባልደረቦቹ ሽቶርፈርና በርንፌልድ ደግሞ የራሳቸውን ተፎካካሪ ፊልም አሰቡ፣ ሳይሠሩትም ቀሩ። በዚህ ጭቅጭቅ የአብርሃምና የፍሮይድ ደብዳቤዎች ቀዘቀዙ። አብርሃም በዚያ ዓመት የዓሣ አጥንት ጉሮሮውን ከወጋው ወዲህ አልተሻለውም፤ ዲሴምበር 25 ቀን 1925 በ48 ዓመቱ ዐረፈ። ፊልሙ በርሊን በሚገኘው ግሎሪያ ፓላስት የታየው ማርች 24 ቀን 1926 ነበር፤ አብርሃም አላየውም።

ቀመሩ ግን ባሕር ተሻገረ። ዳይሬክተሩ ሂችኮክ በ1945 በሠራው «ስፔልባውንድ» ፊልምም ትዝታው የተቆለፈበት ሰው፣ ሐኪምና የሚፈታ ሕልም አሉ፤ ሕልሙን የነደፈው ሠዓሊው ሳልቫዶር ዳሊ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ሴልዝኒክ የራሱን ሐኪም አማካሪ አድርጎ ስሟን በፊልሙ ላይ አወጣ። ጥያቄው የዞረው በ1975 ነው፤ እንግሊዛዊቷ የፊልም ተንታኝ ሎራ መልቪ በስክሪን ላይ ያለውን ታማሚ ትታ፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የሚያየው ሰው ምን እንደሚፈልግ ጠየቀች፤ ካሜራው ሴትን የሚያይበት ዐይን የማን እንደሆነም። ፈረንሳዊው ክርስቲያን ሜትስ በዚያው ዓመት ከተመሳሳይ አቅጣጫ መጣ። ለእኔ እነዚህ ሁለቱ ወራሽነታቸው ከአብርሃም ይልቅ ከራንክ ነው።

የበርሊኑ ቡድን ዕጣ ሌላ ነበር። ዛክስ በ1932 ወደ ቦስተን ሄደ። በ1933 የፍሮይድ መጻሕፍት በበርሊን አደባባይ ተቃጠሉ፤ ፍሮይድም በ1938 ወደ ለንደን ተሰደደ። የተፈወሰውን ፌልማንን የተጫወተው ቬርነር ክራውስ በ1940 በናዚዎቹ ፀረ አይሁድ ፊልም «ዩድ ዙስ» ውስጥ የበርካታ አይሁዳውያንን ገጸ ባሕርይ ተጫወተ።

«የአንድ ነፍስ ምሥጢሮች» ዛሬም ታድሶ ይገኛል። ያገኘው አንባቢ ዓሣ የሚጠመድበትን መጨረሻ ቢዘልለው የሚቀርበት ነገር የለም፤ ሕልሙን ግን ሁለት ጊዜ ይመልከተው፣ አንዱን ከዶክተሩ ማብራሪያ በፊት፣ ሌላውን ማብራሪያውን ከሰማ በኋላ።