የጊላ ወንዝ ሰዎች

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የምነግራችሁ ከባሕር ማዶ፣ አሜሪካ ውስጥ፣ በአሪዞና በረሃ የሆነውን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

በዚያ በረሃ ጊላ የሚባል ወንዝ ነበር። በዳሩ የሚኖሩት አኪሜል ኦኦዳም፣ የወንዙ ሰዎች ናቸው፤ ፈረንጅ ፒማ ይላቸዋል። ቅድመ አያቶቻችን የሚሏቸው ሰዎች የቆፈሩት የመስኖ ቦይ ከሺህ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። በዚያ ውሃ በቆሎ፣ ዱባና ጥጥ፣ ኋላም ስንዴ አበቀሉ። ሙቀት የማይበግረው ቴፓሪ የሚባል አደንጓሬ አላቸው። ከወንዙ ዓሣ ያወጡ፣ ሜስኪት የሚባለውን ዛፍ ፍሬም ወቅጠው ዱቄቱን ይበሉ ነበር። ሜስኪት ዛሬ የአፋርን ግጦሽ የወረረው የፕሮሶፒስ ዘመድ ነው፤ እነሱ ግን በወጉ ሲሳይ አድርገውታል።

ታሪካቸውን የሚይዙት በእንጨት ነበር። ሽማግሌው ረጅም በትር ይዞ በየዓመቱ አንድ ጭረት ይቀርጽበታል፤ ከጭረቱ አጠገብ ደግሞ የራሱን ምልክት ያክላል። ሲተርክ ጣቱን በጭረቱ ላይ እያሳለፈ፣ ይህ ጎርፍ የመጣበት ነው፣ ይህ ከአፓቼዎች ጋር የተዋጋንበት ነው እያለ ይናገራል። ፍራንክ ራስል የተባለ አጥኚ በሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ ይህንኑ ከአፋቸው እየሰማ መዝግቦታል።

በ1849 ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ የሚጎርፈው መንገደኛ በረሃው አድክሞት ሲደርስ ያበሉት እነዚህ ሰዎች ናቸው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመንም ለመንግሥቱ ጦር ስንዴ ሸጡ። የጥጋብ አገር ነበር እላችኋለሁ።

ከጦርነቱ በኋላ ግን ሰፋሪ መጣና ከወንዙ በላይ ሰፈረ። ውሃውን ወደ ራሱ እርሻ መለሰው። ከታች ያሉት አቤት ቢሉ ሰሚ አጡ። በ1887 የሰፋሪዎቹ የፍሎረንስ ቦይ ሲያልቅ የተረፈችውም ውሃ ሄደች። ማሳው ተሰነጠቀ፣ ዓሣው አለቀ፣ ርሃብ ገባ። ያን ጊዜ ሰዎቹ ምን አደረጉ? የሜስኪቱን ዛፍ እየቆረጡ ለከተማው ማገዶ ሸጡ። ልብ በሉ፤ የሚበሉትን ዛፍ ነው ቆርጠው የሸጡት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

እህሉ ሲጠፋ የመንግሥት ራሽን መጣ፤ ነጭ ዱቄት፣ ስኳር፣ የአሳማ ስብ። በስቡ የተጠበሰ ሊጥ የዕለት ምግብ ሆነ። በ1924 ግድብ እንዲሠራ ሕግ ወጣ፤ ሕጉ ውሃው አስቀድሞ ለፒማዎች ይሁን ይል ነበር። ኩሊጅ የተባለው ይህ ግድብ በ1930 ተመረቀ። ለእርሻቸው የሚበቃ ውሃ ግን አላገኙም።

አሁን ይህ ሁሉ ወዳመጣው በሽታ ልምጣ። እኛ አገር የስኳር በሽታን የሀብታም በሽታ ሲሉት ሰምታችኋል። እዚህ የደሃ በሽታ ሆነ። በ1940 ዕውቁ የስኳር ሐኪም ኤሊየት ጆስሊን ባወጣው የአሪዞና ጥናት በፒማዎች ዘንድ ያገኘው 21 ታማሚ ብቻ ነበር፤ ከሌላው አሜሪካዊ የተለየ ነገር አላየም። በ1965 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ረጅም ጥናት ጀመረ። በ1971 ውጤቱ ሲወጣ ዕድሜው 35 ከሞላው ግማሹ የስኳር ታማሚ ሆኖ ተገኘ። በዓለም ላይ እስከዚያ ከተመዘገበው ሁሉ የባሰ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ የሚቆረጥ እግር፣ የሚጠፋ ዓይን፣ የኩላሊት እጥበት።

ምክንያቱ ምንድን ነው ሲባል ብዙ ሊቃውንት ዘራቸው ነው አሉ። ጄምስ ኒል የተባለ ሊቅ በ1962 የርሃብን ዘመን ለማለፍ ስብ የሚቆጥብ ዘረመል አለ የሚል መላምት አቅርቦ ነበር፤ ፒማዎች የዚያ መላምት ዋነኛ ምሳሌ ተደረጉ። ደማቸውን በየሁለት ዓመቱ እየሰጡ ለአሥርት ዓመታት ተመረመሩ። ዓለም ስለ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ከሚያውቀው ብዙው የተገኘው ከእነሱ ነው። የአዲስ አበባ ታማሚም ሳያውቃቸው የእነሱ ባለዕዳ ነው።

ነገር ግን ፒማዎች አሪዞና ውስጥ ብቻ አይደሉም። ከድንበሩ ማዶ፣ በሜክሲኮ ተራራ ላይ ማይኮባ በሚባል መንደር ወንድሞቻቸው አሉ። ዘራቸው እጅግ ቅርብ ነው። እነዚያ ግን ማሳቸው በእጃቸው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ይሠሩ፣ አደንጓሬና በቆሎ ይበሉ ነበር። በ2006 የታተመው ጥናት ሁለቱን ወገኖች አነጻጸረ፤ በአሪዞናዎቹ ዘንድ የስኳር ታማሚው 38 በመቶ፣ በማይኮባዎቹ 6.9 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ዘር ምንም ድርሻ የለውም አልልም፤ የማይኮባዎቹም ቁጥር ከሜክሲኮ ጎረቤቶቻቸው ከፍ ይላል። ነገር ግን ያንን ሰፊ ልዩነት ዘር ሊያስረዳው አይችልም። አንደኛው ወገን መሬቱንና ውሃውን ይዞ ቀረ፤ ሌላው ተነጠቀ።

የወንዙ ሰዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ለአሥርት ዓመታት በፍርድ ቤት ተሟገቱ። በታኅሣሥ 2004 የወጣው ሕግ በየዓመቱ ከ800 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ እንዲያገኙ መብት ሰጣቸው። የፍሎረንስ ቦይ ካለቀ 117 ዓመት ሆኖት ነበር። ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ከጊላ ሳይሆን በቦይ ከሚሳበው ከኮሎራዶ ወንዝ ነው፤ እሱም ዛሬ በድርቅ እየጎደለ ነው። ቢሆንም ማሳው ዳግመኛ እየለማ፣ ቴፓሪው ዳግመኛ እየተዘራ ነው።

ከምትሰሙኝ መካከል ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ካላችሁ አደራ እላችኋለሁ፤ አንድ ሕዝብ ከሌላው ይልቅ ለምን ታመመ ተብላችሁ ስትጠየቁ፣ ደሙን ከመመርመራችሁ ጋር ውሃውን ማን እንደወሰደውም መርምሩ።