ለመኖሪያ ቤት የሚሆን የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር አመራረጥ፦ በደጋማና ቀዝቃዛ አካባቢ ለሚኖሩ

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ፣ መኪናቸውን በግቢያቸው ቻርጅ የሚያደርጉ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች በርክተዋል። አብዛኞቹ ገዥዎች ቻርጀር ሲመርጡ በቅድሚያ የሚጠይቁት ፍጥነቱን ነው። ይሁን እንጂ አስቀድሞ መታየት ያለበት ቤቱ ነው፤ ቆጣሪው፣ የውስጥ ሽቦውና የመሬት መስመሩ ሊሸከሙት የማይችሉት ቻርጀር የእሳትና የኤሌክትሪክ አደጋ ምክንያት ይሆናል። የሚከተለው ማብራሪያ በአቃቂ ቃሊቲ የሚገኘውን ሳሪስ አቦን በምሳሌነት ይወስዳል፤ ይዘቱ ግን በማንኛውም ደጋማ አካባቢ ለሚኖሩ ተገልጋዮች ያገለግላል።

1. የዕለት ፍላጎትን ማስላት

ከሳሪስ አቦ ወደ መሐል ከተማ ለሥራ የሚመላለስና በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ቢኖር፣ መካከለኛ መጠን ያለው መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ ታሳቢ ተደርጎ፣ በቻርጅ ወቅት የሚባክነው ሲጨመር የዕለት ፍላጎቱ ወደ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። ይህንን ለመሙላት፦

• ባለ 10 አምፔር ቻርጀር (2.2 ኪሎ ዋት) ከ3 ሰዓት ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ፣
• ባለ 16 አምፔር ቻርጀር (3.5 ኪሎ ዋት) 2 ሰዓት፣
• ባለ 32 አምፔር ቻርጀር (7 ኪሎ ዋት) 1 ሰዓት ይፈጅበታል።

ባለ 16 አምፔሩ ሌሊቱን ለ8 ሰዓት ቢሠራ 28 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ይህም ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል። ስለዚህ ለአብዛኛው ቤተሰብ 3.5 ኪሎ ዋት በቂ ነው። ከፍ ያለ አቅም የሚያስፈልገው በየዕለቱ ረጅም ርቀት ለሚጓዝ ወይም ከአንድ በላይ መኪና ላለው ነው።

2. የቤቱን የኃይል አቅም መለየት

ባለ አንድ ፌዝ ቆጣሪ 220 ቮልት ይሰጣል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። ምጣዱ በተጣደበትና የውሃ ማሞቂያው በሚሠራበት ሰዓት የ7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ቢጨመር ጭነቱ ከ12 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ከ54 አምፔር በላይ ይሆናል። ለዚህ ያልተዘጋጀ መስመር ይግላል፤ የሽቦው ሽፋን ይቀልጣል። በመሆኑም በዋናው ብሬከር ላይ የተጻፈውን የአምፔር መጠን ማንበብና የቤቱን ዕቃዎች ጭነት መደመር ያስፈልጋል። አቅሙ የማይበቃ ከሆነ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የአቅም ማሻሻያ ወይም የሦስት ፌዝ ጥያቄ ማቅረብ ይገባል። ብሬከሩን ብቻ በትልቅ መተካት አቅም አይጨምርም፤ መከላከያውን ከማስወገድ አይለይም።

በአንድ ቆጣሪ በርካታ ተከራዮች በሚጠቀሙበት ግቢ ስሌቱ የሁሉንም ጭነት ማካተት አለበት። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ደግሞ ከነዋሪዎች ማኅበር ጋር አስቀድሞ መስማማትና ወደ መኪና ማቆሚያው ራሱን የቻለ መስመር ማስገባት ተገቢ ነው። ከፎቅ በመስኮት ኤክስቴንሽን አውርዶ ቻርጅ ማድረግ አይመከርም።

የአዲስ አበባ የሌሊት ኃይል ፍላጎት ከማታው ያነሰ በመሆኑ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ቻርጅ ማድረግ ለቤቱም ለሰፈሩ መስመርም ይጠቅማል። ሰዓት ማስያዣ ያለው ቻርጀር ለዚህ ይመረጣል። በካርድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ሰዎች ሌሊት ኃይሉ እንዳይቋረጥ ቀሪ ሒሳባቸውን አስቀድመው ማየት ይኖርባቸዋል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ እንደ ፍጆታው ከፍ እያለ የሚሄድ በመሆኑም በወር የሚጨመረው 200 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሒሳቡን ወደ ከፍተኛ እርከን ሊያሸጋግረው ይችላል።

3. ከፍታ፣ ብርድና ዝናብ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ብዙ ቻርጀሮች ግን እስከ 2,000 ሜትር ለሚደርስ ከፍታ ብቻ የተሠሩ ናቸው። አየሩ በሳሳ መጠን ሙቀት የማስወጣት አቅሙ ይቀንሳል፤ በኤሌክትሪክ ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተትም የመከላከል ኃይሉ ይዳከማል። ስለሆነም ገዥው በመመሪያው ላይ የተጻፈውን የከፍታ ወሰን ማየትና ቢያንስ ለ3,000 ሜትር የሚሆነውን መምረጥ አለበት። ሻጩ በቃል የሚሰጠው ማረጋገጫ የፋብሪካውን ጽሑፍ አይተካም።

በሳሪስ አቦ የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ቢቀዘቅዝም የቤት ቻርጀርን ሥራ የሚያውክ አይደለም። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉና ውርጭ በሚወርድባቸው አካባቢዎች ግን ሁኔታው ይለያል። የባትሪው ሙቀት ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ መኪናው ራሱ ቻርጁን ያዘገየዋል ወይም ያቆመዋል፤ ትልቅ ቻርጀር መግዛትም ይህንን አይለውጥም። መፍትሔው ከጉዞ እንደተመለሱ ባትሪው ሳይበርድ ቻርጅ መጀመርና መኪናውን ከነፋስ በተከለለ ቦታ ማቆም ነው። ኬብሉ በብርድ የማይደርቅና የማይሰነጠቅ መሆኑም መታየት አለበት።

ለሳሪስ አቦ ከብርዱ ይልቅ ክረምቱ ያሳስባል። ከቤት ውጭ የሚተከል ቻርጀር ቢያንስ አይፒ 54 ደረጃ ያለውና ከጣሪያ ክዳን በታች የተሰቀለ ሊሆን ይገባል። ጎርፍ ሊደርስበት ከሚችል ቦታም ከፍ ማለት አለበት። በመብረቅና በኃይል መዋዠቅ እንዳይጎዳ የሰርጅ መከላከያ ይገጠምለታል። ቮልቴጅ ሲወርድ ወይም ሲያይል የሚያቋርጥ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ጥቂት ቆይቶ በራሱ የሚቀጥል ቻርጀር ተመራጭ ነው።

4. መሰኪያና መከላከያ

ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች ጂቢ/ቲ የተባለውን፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ደግሞ ታይፕ 2 የተባለውን መሰኪያ ይጠቀማሉ። ሁለቱም ባለ 7 ቀዳዳ በመሆናቸው በመልክ ቢመሳሰሉም አንዱ በሌላው አይገባም። ከግዢ በፊት የመኪናውን መሰኪያ ፎቶ አንሥቶ ማነጻጸር ስህተትን ያስቀራል።

ማንኛውም ቻርጀር የሚከተሉት ሊሟሉለት ይገባል፦

• ከቆጣሪው የሚነሣ፣ ሌላ ዕቃ የማይጋራው መስመር፤
• ለ16 አምፔር ቢያንስ 4፣ ለ32 አምፔር ቢያንስ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፤ ርቀቱ ከበዛ ከዚህ የወፈረ፤
• ከሽቦው ጋር የተመጣጠነ ብሬከር፤
• ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ ኃይሉን የሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ፤
• በመሣሪያ ተለክቶ የተረጋገጠ የመሬት መስመር (ግራውንድ)።

በቆዩ ቤቶች የመሬት መስመር ላይኖር ይችላል። ቻርጀሩ በዚህ ምክንያት አልነሣ ሲል የመሬት ገመዱን ከኒውትራል ጋር አገናኝቶ ማስነሣት ለሕይወት አስጊ ነው፤ ኒውትራሉ ቢበጠስ የመኪናው አካል ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በሩን የነካ ሰውም ሊሞት ይችላል።

5. ከግዢ እስከ አገልግሎት

በቅድሚያ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቤቱን ይመረምራል። ከዚያም አስፈላጊ ከሆነ በአቅራቢያ ባለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል የአቅም ማሻሻያ ይጠየቃል፤ መረጃ በነፃ የጥሪ መስመር 905 ይገኛል። ቻርጀሩ የሚገዛው ከዚህ በኋላ ነው። ተከላው ሲጠናቀቅ ባለሙያው የመሬት መስመሩን ልኬት በጽሑፍ እንዲሰጥና የአርሲዲውን መፈተሻ ቁልፍ ተጭኖ እንዲያሳይ መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው። ባለቤቱም ይህንኑ ቁልፍ በየወሩ መፈተሽ ይኖርበታል።

መሰኪያው ከጋለ፣ የመቃጠል ሽታ ከተሰማ ወይም ብሬከሩ ደጋግሞ ከወደቀ ኃይሉን ከዋናው ማጥፊያ መቁረጥና ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። እሳት ከተነሣ በአዲስ አበባ ወደ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር በ939 መደወል ይገባል።

በጀቱ ውስን ለሆነ ቤተሰብ የሚሻለው በትንሽ ቻርጀር ተወስኖ ቀሪውን ገንዘብ በሽቦው፣ በመሬት መስመሩና በመከላከያው ላይ ማዋል ነው። መኪናው ቻርጅ የሚደረገው ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ በመሆኑ፣ ከፍጥነቱ ይልቅ አስተማማኝነቱ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል።