ልጁን ለሥልጠናው ወይስ ሥልጠናውን ለልጁ? የኦቲዝም ድጋፍ አጭር ታሪክ

ኦቲዝም በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ራሱን የቻለ ስፍራ የያዘው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም የነበረው ሊዮ ካነር የ11 ሕፃናትን ጠባይ ዘርዝሮ አሳተመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በተከተሉት ዐሥርት ዓመታት ጥፋቱ በእናቶች ላይ ተጣለ። ልጁ የማይናገረው እናቱ ፍቅር ስለነፈገችው ነው የሚለው አስተሳሰብ በታወቁ ሐኪሞች ዘንድ ሳይቀር ተቀባይነት ነበረው። በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የሞገተው በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ደግሞም ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የሥልጠና ዘመን ነው። በሎስ አንጀለስ ኢቫር ሎቫስ በ1987 ያሳተመው ጥናት፣ በሳምንት 40 ሰዓት ያህል ከሠለጠኑ 19 ሕፃናት 9ኙ አንደኛ ክፍልን በመደበኛ ትምህርት ማጠናቀቃቸውን ገለጸ። ውጤቱ ለብዙ ወላጆች ተስፋ ቢሰጥም፣ በ1960ዎቹ በተደረጉት ሥልጠናዎች ጥፊና የኤሌክትሪክ ንዝረት ሳይቀር እንደ ማረሚያ አገልግለዋል። የስኬቱ መለኪያም ልጁ ከእኩዮቹ የማይለይ መሆኑ ነበር። በ1972 በሰሜን ካሮላይና በኤሪክ ሾፕለር መሪነት የተቋቋመው መርሐ ግብር ግን ሌላ መንገድ ያዘ። የቀኑን ሥራ በሥዕል አደራጅቶ ልጁ በሚገባው መልክ አቀረበ፤ ወላጆችንም የሕክምናው ተባባሪ አደረገ። በ1993 ደግሞ ኦቲዝም ያለባቸው ጂም ሲንክሌር፣ ወላጆች ልጆቻቸውን በሕይወት ሳሉ እንዳያለቅሱላቸው፣ እንዳሉ እንዲቀበሏቸው ተማጸኑ።

በአገራችን ይህ ጥያቄ መልክ የያዘው በአንዲት እናት ጥረት ነው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚስማማ ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ፣ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ንግግር ለዘገየባቸው ልጆች ያዘጋጁት «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተሰኘው ዘዴ ከልጁ አካባቢ የተወሰደ ነው። በፊደላችን እያንዳንዱ ሆሄ ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ ስለሚይዝ፣ ልጁ ድምፁንና ቅርጹን አንድ ላይ ይለማመዳል። የዘዴው ውጤት በጥናት ሊመዘን የሚገባው ቢሆንም መነሻው ትክክል ነው፤ ድጋፉ ልጁ ከሚሰማው ቋንቋ ተነሣ። ወ/ሮ ዘሚ በ2021 አረፉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠናም በኢትዮጵያ ለአገሩ ሁኔታ ተሻሽሎ ተሞክሯል፤ ውጤቱም በ2020 ታትሟል። ሥልጠናው 9 የቡድን ስብሰባዎችና 3 የቤት ጉብኝቶች አሉት። አሳዳጊው የልጁን ዝንባሌ ተከትሎ በጨዋታና በዕለት ተዕለት ሥራ መካከል መግባባትን እንዲያዳብር ያስተምራል።

ይህ ታሪክ በሐብሩ ወረዳ በግራና ለሚሠራ የጤና ባለሙያም ይመለከተዋል። የማይናገር ልጅ ይዛ የመጣች እናት አስቀድማ ጠበል ወስዳው ወይም ዱዓ አስደርጋለት ይሆናል። በአዲስ አበባ 102 አሳዳጊዎችን ያካተተ፣ በ2016 የታተመ ጥናት፣ ብዙዎቹ የሃይማኖት ተቋማትንም የሕክምና ተቋማትንም እንደሚሹ አሳይቷል። ስለዚህ ሳይነቅፍ ይጠይቃት። ልጁ መስማቱን ይመርምር፤ የሚጥል በሽታ ካለበት መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ያስረዳት፤ እንደ አስፈላጊነቱም ወደ ወልዲያ ሆስፒታል ይላከው። ጥፋቱ የእርሷ እንዳልሆነም በግልጽ ይንገራት። እጁን ማርገብገቡ ማንንም ካልጎዳ አይከልክለው፤ ጩኸት ከበዛበት ጸጥ ያለ ክፍል ይፈልግለት፤ በጣቱ ቢጠቁም ወይም ሥዕል ቢያሳይ እንደ ንግግር ይቀበለው። ይህን ለመጀመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሳይደረግ የቀረ እንደሆነ ግን ልጁ ቤት ተዘግቶበት፣ አንዳንዴም ታስሮ ያድጋል።