የፓቭሎቭ ውሻና የቆሎ ተማሪው

ከቡሬ ተነሥቶ በማንኩሳ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም የሚጓዝ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ ከአንድ ደጃፍ ይቆማል። «በእንተ ስማ ለማርያም!» ሲል ቀድሞ የሚሰማው ውሻው ነው። የቤቲቱ እመቤት ወይ ቁራሽ ይዘው ብቅ ይላሉ፤ ወይ «እግዜር ይስጥህ» ብለው ያሰናብቱታል። ማንኩሳ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህ የትውልድ አገር ናት።

ይኼ የደጃፍ ነገር በሥነ ልቡና ታሪክ ውስጥ ዘመድ አለው። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ውሾቹ ምግቡ ገና ሳይቀርብ ምራቃቸው ሲፈስ አስተዋለ። የሜትሮኖምን ምት ከምግብ ጋር ደጋግሞ ቢያጣምር፣ ምቱ ብቻውን ምራቅ አስፈሰሰ፤ ምግቡን ሲያስቀር ደግሞ ምራቁ ቀስ በቀስ ደረቀ። የዳሞት ውሻም እንዲሁ ነው። ጥሪው ከተሰነዘረ ዱላ ጋር ስለተጣመረበት፣ ድምፁን ሲሰማ ጥርሱን ያወጣል።

ታዲያ ተማሪው እየተከለከለ ለምን ልመናውን አይተውም? ረሃቡ አለ፤ እሱን አንርሳ። አሜሪካዊው ስኪነር በአይጥና በእርግብ እንዳሳየው ግን፣ አልፎ አልፎ የሚሸለም ድርጊት ሁልጊዜ ከሚሸለመው ይልቅ በቶሎ አይጠፋም። በአምስተኛው ደጃፍ የተገኘች ቁራሽ እስከ አሥረኛው ታዘልቃለች።

ፍርሃትም ይለመዳል። ዋትሰንና ሬይነር እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተሙት ጥናት፣ ለአንድ ሕፃን ነጭ አይጥ ባሳዩት ቁጥር ከኋላው ብረት እየደበደቡ አይጥ እንዲፈራ አደረጉት። ሕፃኑ ጥንቸልም ፈራ። አበው ይኼንኑ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብለው ጨርሰውታል። እንግዲህ ፊደል ሲቆጥር አለንጋ የቀመሰ ልጅ የሚፈራው አለንጋውን ብቻ ነው ወይስ መጽሐፉንም ጭምር?

ሆኖም ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። በንባብ ቤት ፊደሉ፣ ሐዋርያው፣ ዳዊቱ በመደጋገም ይዘለቃል። ጎጃም በዋሸራ የታወቀችበት ቅኔ ግን ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እስከ ስምንት ቤት መወድስ ይወጣል። ስኪነር ቢያየው «ድርጊትን በጥቂት በጥቂቱ መቅረጽ ነው» ባለ ነበር። እውነት ነው፣ መሰላሉን ያስረዳል፤ ከመሰላሉ ጫፍ ላይ ያለውን ፍሬ ግን አያስረዳም። የኔታ ከተማሪው የሚጠብቁት የትናንቱን ድጋሚ ሳይሆን አዲስ ቅኔ ነው። እስከ ዛሬ ማንም ያላለው ነገር እንዴት ሆኖ በልማድ ይገኛል?

እኛስ? የመምህሩን ማስታወሻ ቃል በቃል ሸምድደን፣ በፈተናው ማግስት የምንረሳ? የቆሎ ተማሪው ከውሻ አምልጦ፣ ጦሙን አድሮ፣ ጧት የራሱን ነገር ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል። እኛ ግን ምቱን ሰምተን ምራቃችንን እንውጣለን። ከሁለታችን የተማረው የትኛው ነው?