ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም?

ከዚራን የሚያውቅ ሁሉ ጥላዋን ያውቃል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ የተቀየሱት ቀጥ ያሉ ጎዳናዎቿና ዳር ለዳር የቆሙት ዛፎቿ ዛሬም መንፈስን ያድሳሉ። ያደግሁት በዚያ ጥላ ሥር ነው። የወጣትን ዋጋ የተማርሁት ግን ከዚራንና መጋላን በሚለየው በደቻቱ ወንዝ ዳር ነው።

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ነጠቀን። ሲነጋ የሰፈራችን ወጣቶች ማንም ሳይጠራን ወጣን፤ ጭቃ ዛቅን፣ ዕቃ ተሸከምን፣ አስከሬን አነሣን። ዕድሜያችንን የጠየቀን አልነበረም። ከሳምንታት በኋላ እድሩ ስለ ተጎጂዎች ሊመክር ሲሰበሰብ ግን ሦስት ሆነን ብንሄድ፣ «በመዝገብ ያለው አባታችሁ ነው፤ እናንተ ውጭ ጠብቁ» ተባልን። አካፋችን ተፈልጎ ነበር፤ ቃላችን አልተፈለገም።

ይህ የአንድ እድር ጠባይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁት ነበር። ታሪካችንን መለስ ብለን ብናይ ግን ያው ነገር በአገር ስፋት ይገጥመናል። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻን ሲያውጅ 60 ሺህ ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። ማንበብና መጻፍ አስተማሩ፤ በየካቲት የመሬት አዋጁ ሲወጣም ገበሬውን በማኅበር አደራጁ። ይህን እስከሠሩ ድረስ ተመሰገኑ። ከገበሬው ጋር ወግነው «ሥልጣኑም ለሕዝቡ ይሁን» ማለት ሲጀምሩ ግን መንግሥት ፊቱን አዞረባቸው። ብዙዎችም ዘመቻውን ጥለው ሄዱ። የተፈለገው ጉልበታቸው እንጂ አሳባቸው አልነበረም።

በእርግጥ ዘማቾቹ ያልተሳሳቱ አልነበሩም፤ የገጠሩን ውስብስብነት ሳይረዱ የቸኮሉ ነበሩ። ይሁን እንጂ ልምድ የሚገኘው ከኃላፊነት ነው። ከኃላፊነት ተከልክሎ ያደገ ወጣት ወይ ተመልካች ይሆናል፣ ወይ አፍራሽ። በኋላ ዘወር ብለን «ይህ ትውልድ ለአገሩ ግድ የለውም» ብንል ወቃሹም ተወቃሹም እኛው ነን።

አባቶቻችን «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላሉ። እኔ ደግሞ እጠይቃለሁ፦ እንዲያቦካ ብቻ ታዞ እንዲጋግር ያልተፈቀደለት ልጅ እንጀራ መጋገርን ከየት ይማር? ሕገ መንግሥቱ 18 ዓመት የሞላውን ዜጋ የአገር መሪዎችን ይመርጥ ዘንድ መብት ሰጥቶታል። የሰፈሩን የድንኳንና የወንበር ወጪ ግን እንዲመረምር አልተፈቀደለትም!

መፍትሔው ከባድ አይደለም። እድሮቻችን ለወጣቶች በሥራ አመራሩ ውስጥ ድምፅ ያለው መቀመጫ ይስጡ፤ የሒሳብ መዝገቡንም ይክፈቱላቸው። ይሳሳቱ፤ ይታረሙ። ዛሬ እኔ ራሴ በስሜ የተመዘገብሁ የእድር አባል ነኝ፤ በስብሰባችንም ቀን ውጭ የሚጠብቁ ልጆች አያለሁ። በሩን የመክፈቱ ተራ የእኛ ነው።